ያለ ቁልፍ የዘለለችው መኪና

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን አገር ያውቃል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም። ግን ያልተማረች ሴት ዓይንም ጆሮም የላትም ያለው ማን ነው? የዳንግላው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምንይችል እንደዚያ ቆጠረኝ። ልጄ ሽመክትም የወለደችውን እናቱን ትቶ እሱን ሰማ።

መኪናዋ የሟቹ ባሌ የአያ ጎሹ ናት፤ በዕድሜ ሽመክትን ትበልጠዋለች። የዛሬ መኪና ቁልፍ ሲጠመዘዝ ይነሳል። እሷ ሁለት ነገር ትፈልጋለች። መጀመሪያ ቁልፏ ይዞራል፣ ከዚያ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ጥቁር የማስነሻ አዝራር በጣት መጫን ነው። አያ ጎሹ ሽቦዋን በእጁ ሲዘረጋ ጫፉን ይዤ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የማስነሻዋ ሽቦ በቁልፉ በኩል ማለፍ እንዳለበት ያን ጊዜ አሳይቶኛል። ቁልፉን ነቅሎ ተጫኚ አለኝ፤ ተጫንኩ፣ ዝም። ቁልፉን አዙሮ ተጫኚ አለኝ፤ አጓራች።

ዘንድሮ ክረምት አይጥ ሽቦዎቹን በላቸውና ዳንግላ ጋራዥ ወሰድናት። ምንይችል አሮጌውን ሁሉ ጎልጉሎ ጣለ፣ ማስነሻዋንም በአዲስ ቀየራት። ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው አንስቶ በቀጥታ ማስነሻዋ ላይ አሰረ። ይሄ ሽቦ በቁልፉ በኩል ይለፍ፣ ካላመንክ ቁልፉን ንቀልና ተጫናት፣ ልይ አልኩት።

ሳቀ። "እማማ፣ እርስዎ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ። ይሄ የፈረስ ልጓም አይደለም።"

ሽመክት ደግሞ አታሳፍሪኝ ብሎ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። እኔም ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም፤ ያ ቀን አንዱ ነው።

ቤታችን ኢንጅባራ ዳገቱ ላይ ነው። የመኪናዋ የእጅ ፍሬን ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ አፏን ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋዩ ካብ አዙረን፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተን፣ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። የምንፈራው ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ብቻ ነበር። ቁልፏን እኔ መቀነቴ ጫፍ ላይ እቋጥራለሁ። ቁልፉ ወገቤ ላይ ካለ መኪናዋ ተኝታለች ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ከፊቷ ገብስ እናሰጣለን፣ ፀሐይ እንሞቃለን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሽመክት ሚስት ስሜነሽ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር፣ በመኪናዋና በካቡ መሀል ተቀምጣ የዘር ድንች ትለቅማለች። ሽመክት ለጎረቤታችን ለይሄነው አዲሷን ማስነሻ ያሳየዋል። መኪናዋ ውስጥ እንኳ አልገባም፣ በመስኮት እጁን ሰደደ። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው፣ ምንም አትሆንም ሲል ሰማሁት። ማስነሻዋን ተጫናት።

መኪናዋ ጮኻ ወደ ፊት ዘለለች፤ ማርሹ እንደገባ ነበር።

እጄ ወገቤ ላይ ሄደ። ቁልፉ አለ። ብረቱ ጣቴ ሥር ይቀዘቅዘኛል፤ መኪናዋ ግን ዓይኔ እያየ ትሄዳለች። ሽመክት ከድንጋጤው ጣቱን ማንሳት አቃተው፣ ይባስ ብሎ አጥብቆ ተጫናት፤ ደግማ ዘለለች። በምን እግሬ እንደደረስኩ አላውቅም፣ ክንዱን በቡጢ መትቼ አስለቀቅኩት። የጮኽኩት በእናቴ ቋንቋ በአዊኛ ነው፤ አማርኛው ከአፌ ጠፍቶ ነበር።

የድንቹ ቅርጫት ተደፍጥጦ ከጎማው ሥር ተኝቷል። ከመኪናዋ አፍንጫ እስከ ስሜነሽ ሆድ አንድ መዳፍ ነበር የቀረው። በራሴ መዳፍ ለክቼዋለሁ። እሷ አላለቀሰችም። አንድ ድንች በእጇ እንደያዘች ካቡን ተደግፋ ቀረች። ጤና ጣቢያ ወስደናት የሕፃኑ ልብ ደህና ይመታል ሲሏት እንኳ ድንቿን ከእጇ አልለቀቀችም።

በማግስቱ ምንይችል ተጠርቶ በሚኒባስ መጣ። ያለ ቁልፍ ትንቀሳቀሳለች የሚባል ነገር የለም፣ ልጁ ቁልፉን ረስቶባት ይሆናል አለ። ከፊቷ ሰው ሁሉ አስነሳሁ። ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ አሳየሁት፣ መልሼ ቋጠርኩት፣ ገብተህ ተጫናት አልኩት። ዘልላ ካቡን መታች፤ ሁለት ድንጋይ ተናደ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ወረደና የተደፈጠጠውን ቅርጫት አየ፣ ከዚያ በር ላይ የቆመችውን ስሜነሽን አየ።

"በርትታ እንድትነሳ ብዬ ነው በቀጥታ ያሰርኩት" አለ። "ያለ ቁልፍ ይሞከር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"እኔ ጠየቅኩህ።"

አንገቱን ደፋ። ዳንግላ ወስጄ አስተካክላታለሁ ማለት ጀመረ።

"የትም አትወስዳትም" አልኩት። "እዚሁ ፊቴ ፍታው። ሽቦውን በቁልፉ በኩል አሳልፍ። ስትጨርስ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ትቆማለች። አንተ እዚያ፣ ስሜነሽ የነበረችበት፣ ጀርባህን ለካቡ ሰጥተህ ቁጭ ትላለህ። ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ የምጫናት እኔ ነኝ።"