ትንፋሹን የሚጠብቅ ሰው

ይታየው ከባድመ ግንባር የተመለሰው ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነበር። ሚስቱ እታገኝ ከሩቅ ስታየው እጅና እግሩ ሙሉ ነበርና «ተመስገን» ብላ መሬት ሳመች። የጎደለውን ያወቀችው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ኩበቱ ተያይዞ በሩ ሲዘጋ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ፤ በሩን በትከሻው በርግዶ ወጣና ግቢው መሐል ተንበረከከ።

ምሽግ ተንዶበት ኖሯል። ጓደኞቹ ቆፍረው እስኪያወጡት ድረስ አፉን አፈር ሞልቶት፣ አጠገቡ የተቀበረው ወታደር ሲያጣጥር እየሰማ ቆይቷል። ይህንንም የነገራት በስንት ጉትጎታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት አውድማው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በርኖሱን ደርቦ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እጁን ሆዱ ላይ ያሳርፋል። ውርጭም ቢሆን ጉምም ቢሆን አይቀርም።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እተነፍሳለሁ።»

«ሌላው ሰው ሳይተነፍስ ነው የሚኖረው?»

አልሳቀም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንዲት ህንዳዊት ሐኪም እንዳስተማረችው ነገራት። በአገሯ ዮጋ ከሚሉት ነገር የመጣ ነው አለ። ትንፋሽ ሲገባ መግባቱን፣ ሲወጣ መውጣቱን ልብ ማለት፤ ሐሳብ ወደ ምሽጉ ሲሮጥ ደግሞ ሳይቆጡ መልሶ ማምጣት። «ሌላ ምንም የለውም። ደረቴ ሊዘጋ ሲል አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ ስጠብቀው ያልፋል። አንዳንዴ አያልፍም።»

ወሬው ግን ሞላሌ ገበያ ደረሰ። ጎረቤታቸው አማከለች «የእታገኝ ባል የባዕድ አምልኮ ይዞ መጣ» ብላ ለሰማ ላልሰማው አወራች። ሳይውል ሳያድር የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው አውድማው ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ማንን ነው የምትጠራው?»

«ማንንም አልጠራም፣ አባ። ትንፋሼን ነው የማዳምጠው።»

«ትንፋሹ የማን ነው?»

«የፈጣሪ ነው።»

«ታዲያ ባለቤቱን ሳትጠራ?» አሉ መምሬ። «ሲገባ እግዚኦ፣ ሲወጣ ተሣሃለነ በል። ያን ጊዜ ሰውም አፉን ይይዛል።»

«እሺ» አለ። በኋላ ግን ለእታገኝ፣ ቃሉን ሲል ትንፋሹ እንደሚያመልጠው ነገራት። ስለዚህ እንደ ወትሮው ይቀመጣል፤ ለሰው ዓይን ብቻ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እታገኝ ይህን ስታይ ከወሬው ይልቅ ያ ከንፈር አሳፈራት።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ምጥ ያዛት። አዋላጇ አመተሥላሴ ሆዷን ዳብሳ ዳብሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ልጁ ተጋድሟል» አለች። «መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች እጄ ላይ ትቀራለች።»

ጎረምሶቹ በቃሬዛ ተሸከሟት። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል፤ ተሸካሚዎቹ ድንጋዩን በእግራቸው እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ይታየው ከራስጌዋ አልተለየም።

«አትጩኺ አልልሽም፤ ጩኺ። ሲለቅሽ ግን ከእኔ ጋር ተንፍሺ። ወደ ውስጥ ሳቢ… አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂው።»

«ተወኝ! ትንፋሽህ ይቅርብኝ!»

አልተዋትም። መጨረሻ ላይ በንዴት ጀመረችው። ሕመሙ አልቀነሰም፤ ያው ሕመም ነው። ነገር ግን በአንዱ ምጥና በሚቀጥለው መሐል፣ ነፋስ የማይደርስባት የገደል ጥግ የምታህል ቦታ አገኘች። እዚያ ቆማ የባሏን ትንፋሽ ሰማች። በእግሩ ይሰናከላል፣ ያለቅሳል፤ ትንፋሹ ግን አልተዛነፈም። ይህ ሰው በየጧቱ ምን ሲታገል እንደኖረ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ ብዙ ታገለች። እታገኝ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ አላለቀሰም።

ይታየው በነጠላ የተጠቀለለውን ልጅ ተቀብሎ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ፊቱን አስጠጋና ጠበቀ።

«በቃ፣ ወንድሜ» አለች ነርሷ። «ሆድ ውስጥ ሳለ ነው ያለፈው።»

«ትንሽ ቆዩ» አለ ይታየው፣ እጁን ሳያነሣ። «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።»

እታገኝ በምጧ ሁሉ ያልጮኸችውን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኸች።

ክርስትና ያልተነሣ ነውና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቀበሩት። ለቅሶም አልተቀመጡም፤ ለእንዲህ ያለው ለቅሶ የለውም። ይታየው አውድማው ዳር መቀመጡን ተወ። እታገኝም አልጠየቀችውም።

ክረምቱ ገብቶ በር ሳይከፈት መዋል ሲመጣ፣ አንድ ቀን ዝናብ ላይ ወጥቶ ጠፋ። ስትፈልገው ከማሳው ካብ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጉሮሮው ሲር ሲር ይላል። ጎትታ ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ ከኋላው ሆና እጇን ሆዱ ላይ አደረገች።

«ተንፍስ።»

«ምን ያደርጋል?» አለ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ።

«ምንም አያደርግም። ተንፍስ።»

እሷ ሳበች፣ ለቀቀች። እንደገና ሳበች። ጡቷ ገና አልደረቀም ነበርና ወተቱ ቀሚሷን ዘልቆ የባሏን ጀርባ አራሰው፤ ከዝናቡ ይልቅ ስለሚሞቅ ይታየው አወቀው። ያን ጊዜ ነው ስለ ልጁ ያለቀሰው። ብዙ ቆይቶ ሆዱ ከእጇ ሥር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አላደረም። ከግድግዳው ተደግፎ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ በር የሌለው ዳስ ሠራ፤ እራቱን እዚያ ታመጣለታለች። ጧት ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ አንዳንዴ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እሷ ግን ዓይኗን አትጨፍንም፤ ደረቱን ነው የምታየው። አማከለች አሁን የምታወራው ስለ ሁለቱም ነው። ሌላ ልጅ አልወለዱም።