ሠላሳ ሁለተኛው መጠይቅ

መርስዔ ኃዘን የጥናት መጠይቅ ሊያስሞላ ከሚኖርበት ከቀየት ከወጣ አምስት ቀኑ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሠላሳ አንድ የተሞላ መጠይቅ አለ፤ የሁሉም መልስ አንድ ነው። እንቅልፍ እንዴት ነው? ይመስገን። ጭንቀት፣ ፍርሃት? ተመስገን፣ ምን ጠፍቶ።

ጥናቱ የወጣቶችን የአእምሮ ጤና ችግር ለመለካት ነው። ችግሩ በዝቶ ለተገኘበት ወረዳ በሙያው የሠለጠነ ነርስ ይመደባል። ተቆጣጣሪው ስንታየሁ ትናንት ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "እናንተ አገር የሚኖሩት መላእክት ናቸው እንዴ?" ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ "እንዲህ ከሆነ ነርሱ ሌላ ወረዳ ነው የሚሄደው። ነገ የመጨረሻ ቀንህ ነው" አለው።

መላእክት እንዳልሆኑ መርስዔ ኃዘን ያውቃል። አብሮት አሥረኛን የተፈተነው አንዷለም "ደህና ነኝ፣ ይመስገን" ባለው በማግስቱ ነበር ራሱን አጥፍቶ የተቀበረው።

ሠላሳ ሁለተኛው ቤት የአቶ ጫኔ ነው። ደጃፉ ላይ በቅሎዋ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ታስራለች። ገብስ ጭኖ ገበያ የሚወጣ ሰው እንዴት መጫኛ ገመድ ያጣል ብሎ ገረመውና አለፈ።

አቶ ጫኔ የጠጉር ባናቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው እስከዳር፣ ዓለም ከተማ አክስቷ ዘንድ ስትማር ቆይታ ፈተና ወድቃ የተመለሰችው፣ ማዶ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች።

"አባባ፣ ሕጉ ለብቻዋ ጠይቅ ነው የሚለው። ለአንድ አፍታ ወጣ ቢሉልኝ።"

"አልወጣም።"

"ትንሽ ጊዜ ነው እኮ።"

"የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"የአፈወርቅ።"

"አፈወርቅ ሴት ልጁን ለእንግዳ ትቶ ይወጣል? ጠይቅ፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

አፏን የዘጋት ይኸው ሰውዬ ነው አለ በልቡ፤ ደሙ ፈላ።

"እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"ይወስደኛል፣ ይመስገን።" እንዝርቱ ይሾራል።

"ከወትሮው በላይ ታለቅሻለሽ?"

እንዝርቱ ቆመ። "አላለቅስም" አለች፣ ክሩን ጨብጣ።

መመሪያው ጠያቂው ራሱ እያነበበ ይሙላ ይላል። አባትየው ግን ማንበብ አይችሉም፤ እሷ ትችላለች። ወረቀቱንና እርሳሱን ዘረጋላት። "የቀረውን አንቺው አንብቢና ምልክት አድርጊበት።"

ብዙ ቆየች። ስትመልስለት ወረቀቱን ደፍታ ነው። ገልብጦ አየ። አሥራ ሰባተኛው፣ ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ይላል፤ "አዎ" የሚለው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል።

"ምን አለች? አንብብልኝ" አሉ አቶ ጫኔ።

መመሪያው ለማንም እንዳትናገር ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ መልስ ከተገኘ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርስ ይላል። ያለ አባቷ የት ይዟት ይሄዳል?

"ራሷን ያማታል። ዛሬውኑ ዘመሮ ጤና ጣቢያ ብትታይ ጥሩ ነው።"

"ለራስ ምታት ዛሬውኑ?"

እስከዳር እንዝርቱን አስቀመጠች። "አባዬ፣ አዎ ብያለሁ" አለች።

"አውቃለሁ።"

ሽማግሌው ባናውን ገለጡት። ከሥራቸው የተጠቀለለ መጫኛ አለ፤ በላዩ ነው የተቀመጡት።

"ይኼን ከበረት ካነሣሁት አሥራ ሁለት ቀኔ፤ ሌሊቱንም እዚሁ ነኝ። ሐኪም ዘንድ ብወስዳት የእብድ ቤት እንባላለን፣ ታናሽ እህቷንም ለትዳር የሚጠይቅ ይጠፋል አልኩ። ይኸው ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።" ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ወለሉ አዩ። "ዘመሮ ይኼን የሚያውቅ ሰው አለ?"

"በዚሁ የሠለጠነ የለም። አይቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚልክ ግን አለ።"

"የሠለጠነውስ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ቁጥሩ ከተገኘ።"

"እስካሁን ስንት አገኘህ?"

"እሷን ብቻ።"

አቶ ጫኔ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ደጅ ወጥተው ኮርቻውን ጫኑ፣ በመጫኛውም አጥብቀው አሰሩት፤ ልጃቸውንም ደግፈው በቅሎዋ ላይ አወጧት። ቁልቁለቱን ወረዱ። ከታች ከጎረቤታቸው ከወዳጆ ደጅ ሲደርሱ ሽማግሌው ልጓሙን ያዝ አደረጉ። መርስዔ ኃዘን ትናንት እዚህ ቤት ሁለት "ይመስገን" ጽፎ ወጥቷል። አሁን ገና አየው፤ የወዳጆም አህያ የታሰረችው በጨርቅ ነው።

"ግባና እንደገና ጠይቃቸው" አሉት አቶ ጫኔ። "የእኔን ቤት ንገራቸው፤ ፈቅጃለሁ። እዚህ እንጠብቅሃለን።"

እስከዳርን ቀና ብሎ አያት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ።