በውሉ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ሞላሌ ላይ በቅሎ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሻጩን የሚያውቅ፣ ነገ ነገር ቢመጣ "እኔ አለሁ" የሚል ሰው ነው። ውሉ ላይም የበቅሎዋ መልክ፣ ዕድሜዋ፣ ጆሮዋ ላይ ያለው ምልክት ሳይቀር ይሰፍራል፤ ኋላ ሌላ በቅሎ ናት እንዳይባል። ይህን ወግ ለኮምፒውተር ያመጣሁት እኔ ጽናት ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

ናኢማ ከሸዋሮቢት መጥታ እዚህ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች መሸጥ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔ ከሱቋ አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ ስታስነጥስ ከዚህ ሆኜ "ይማርሽ" እላታለሁ። ወዳጆ ለሰርግ ቪዲዮ ሥራው ኮምፒውተር ከእሷ ሊገዛ ሲመጣ፣ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነች ዋስ አምጪ አላት። ቆምኩላት። የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ከፈትኩ፤ 1412 አለ። ውሉ ላይ፣ ልክ እንደ በቅሎዋ ምልክት፣ "ነጥቡ 1412" ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ወዳጆ ደስ አለው፤ ቁጥር ይወዳል።

ከሁለት ወር በኋላ ማራገቢያው ጮኸበትና ለናኢማ አመጣላት። አቧራውን አጸዳችለት፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን እሷ ዘንድ አድሮ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ወዳጆ ኢንተርኔት አስገባ፤ ኮምፒውተሩም ለዓመታት የቀረበትን የደህንነት ማሻሻያ ሁሉ አወረደ። ከዚያ ሥራው ተንቀረፈፈበት። ያንኑ መለኪያ ቢከፍት 1187 አለው። ወዳጆ ስለ ማሻሻያው ምን ብሎ ያስብ? ያሰበው እሷ ዘንድ ያደረበትን ቀን ነው። ሆዱን ከፍታ ጥሩውን ዕቃ አውጥታ ደካማ ከታበታለች አለ። ለእኔ ብቻ ቢነግረኝ ምን ነበረበት፤ የተናገረው ገበያ መሐል ነው።

ናኢማ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና፣ "እዚህ አገር ዘመድ የለኝ፣ መሬት የለኝ። ያለኝ ስሜ ነው" አለችኝ። እኔም አታስቢ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ነገሩ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ አስረዳቸዋለሁ አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ገብተው ተቀመጡ። ዋናው አባባ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ነገር አይቸኩሉም፣ ሰው ሲናገር አያቋርጡም። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማስረዳት ጀመርኩ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ችኩል ነው አልኳቸው። ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ሳይታዘዝ ገምቶ ይጀምረዋል፤ አንዱ የፍጥነቱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን ሲቸኩል ምስጢር ያንጠባጥባል፤ ሌባ ያንን ለቅሞ የሰው የይለፍ ቃል ሊያገኝ ይችላል። ማሻሻያው ልጓም አስገባለት፤ ልጓም የገባለት ደግሞ ቀስ ይላል። ልጓም ስል ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው ብዬ ልቤ ሞላ።

አባባ ግን ምስክር አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሞኟ ሌላ መለኪያ ፕሮግራም ከፈትኩ። ለሌላ ኩባንያ ፕሮሰሰር እንዲስማማ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚረዳኝ መሰለኝ። ለወዳጆ ኮምፒውተር 803 ሰጠ። የዚያ ኩባንያ ፕሮሰሰር ላለው፣ ሲሠራ እንቅልፍ ለሚያመጣብኝ ለራሴ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ 960። ወዳጆ ሳቀ።

"ሁለት ምስክር አቀረብሽ፣ ሁለት ቃል ሰጡ" አሉ አባባ።

ይህኛው ያዳላል አልኳቸው። የሚያዳላ ከሆነ ለምን ጠራሽው አሉኝ። ምን ልበል? የፊተኛውም በራሱ መንገድ ያዳላል። ምን እንደሚለካና ምን እንደሚተው የመረጠ ሰው ከሁሉም ጀርባ አለ። ይህን ብናገር ራሴ የጻፍኩትን ውል መቅደድ ነው፤ ፕሮግራሙን ዘጋሁት።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ማሻሻያው ያስገባውን መከላከያ፣ ያንን ልጓም፣ አጥፍቼ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁትና የፊተኛውን መለኪያ ከፈትኩ። 1409። ይኸው፣ ዕቃው አልተነካም፣ ያው ራሱ ነው አልኩ። ናኢማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው መክረው ተመለሱ። አባባ እንዲህ አሉ፦ "ውሉ አሥራ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። አሁን ደርሷል፤ ሦስቷን ለሰላም እንተዋት። እንዲሁ ይቆይና ወዳጆ ይዞ ይሂድ።"

ደነገጥኩ። መከላከያው ካልተመለሰ የይለፍ ቃሉ፣ የሙሽሮቹ ፎቶ፣ ሁሉም ለሌባ ክፍት ነው ብዬ ለመንኳቸው። ወዳጆ፣ "እኔ ስገዛው ልጓም አልነበረውም" አለ።

አባባ አልተቆጡም። "ልጄ፣ ቁጥሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ወይ ቁጥሩ ይጠበቅ፣ ወይ ውሉ ሐሰት ነው በይና ከዋስነትሽ ውረጂ።"

ከወረድኩ ናኢማ ዋስ የሌላት ሌባ ልትሆን ነው። አልወረድኩም። ቁጥሩ ዳግመኛ እንዳይወርድም ማሻሻያውን ሁሉ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እርቅ ወረደ፤ ወዳጆ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ሄደ። ሌላው ቢቀር ስሟ ተርፏል አልኩ በልቤ።

በገበያው ቀን ሽንኩርት ልገዛ ስደራደር፣ ሻጭዋ ጎኗ ላለችው ሴት ስታወራ ሰማሁ። ያቺ የሸዋሮቢቷ ነጋዴ ያወጣችውን ዕቃ ሽማግሌ ፊት አስመለሷት ትላለች። ሽንኩርቱን አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፤ ችኩሉን ፕሮሰሰር፣ ልጓሙን፣ ማሻሻያውን። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እሺ የኔ እህት" አለች። "ታዲያ ካልወሰደች ምኑን መለሰች?"

ስመለስ ናኢማ ሱቋን ልትዘጋ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ከትታ በገመድ እያሰረች ነበር። ሽንኩርት ሻጭዋ የጠየቀችኝን ገበያው ቀድሞ እሷን ጠይቋታል። የገመዱን ጫፍ አቀበለችኝ፤ ያዝኩላት።