ጉደር ገጠር ናት

ኦቦ ባይሳ ልጄን ለጉደር ሰው አልሰጥም ብለው ድርቅ አሉ። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ በባዶ ተመለሱ። ጠያቂው ጂራ የጉደር ክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ አይጠጣም፣ አይጣላም፣ ደሞዝ አለው። እንከን ቢታጣበት ከተማው ተገኘበት።

"ወርቅቱን አምቦ ላይ አሳድጌ ለገጠር አልሰጥም" ይላሉ ኦቦ ባይሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ። "ሁለቱም ወንዝ ዳር ናቸው ብሎ ነገር የለም። አምቦ ፍል ውሃ አላት፣ የአውራጃ ከተማ ናት። ጉደር ምን አላት? አንድ ድልድይ!"

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነገሩ ድልድዩ አልነበረም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሰው ድምፅ ማለት የወርቅቱ ድምፅ ነው። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ማዕድ ሊቀርቡ ነው? እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነበር። ይህን ለሽማግሌ መናገር ደግሞ ያሳፍራል። ጉደርን ማማት ይቀላል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ኦቦ ቱፋ ብቻቸውን መጡ። ከኦቦ ባይሳ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው የጉደር ሰው ናቸው።

"እስቲ ከተማ ማለት ምንድን ነው? አንተው ንገረኝ" አሉ።

"ማንም የማንንም ጓዳ የማያውቅበት ነዋ! ጉደር አንዱ ሲያስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ 'ይማርህ' ይላል። አምቦ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ገበያ ብትሄድ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።"

"በል ተነስ፣ እንሂድ። አንድ ሰው ካቆመህ ልጅቷን ትሰጣለህ። ማንም ካላቆመህ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።"

ኦቦ ባይሳ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ወጡ።

በቀበሌው ሱቅ በር ስኳር ሊገዙ የተሰለፉት ገና ከሩቅ፣ "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባይሳ! ጉልበትዎ ተሻለዎት?" አሉ። ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ሰላምታ ነው፣ ማቆም አይደለም" አሉ ኦቦ ባይሳ፣ እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው። ሰው ይቀንሳል ብለው በጀርባ መንገድ ታጠፉ። እዚያ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በሰው አገጭ ላይ እንደያዘ፣ "የጉደሩን ልጅ እምቢ ብለዋል አሉ!" ብሎ ጮኸ። አረፋ የተቀባው ደንበኛም፣ "ኧረ ደግ ልጅ ነው!" ሲል ተቀበለው። ኦቦ ባይሳ ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም።

ገበያው አፋፍ ላይ ግን ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጉዴ የኮታቸውን እጅጌ ጨብጠው አቆሟቸው።

"ልጅቷን ለቀቅ ያድርጓት እንጂ! ብቻዎን መብላቱ ከሆነ የከበደዎት፣ እኛ ተነጋግረን ጨርሰናል። ሰኞ እኔ ቤት፣ ማክሰኞ እንግዳወርቅ ቤት፣ ሌላውን ቀን ደግሞ ጎረቤቱ ተከፋፍሎታል።"

"ይሄን ማን ነገራችሁ?"

"ማን ይነግረናል? ወርቅቱ ቤት ከሌለች ምሳ ሳይቀምሱ ወደ ቢሮ እንደሚመለሱ የማያውቅ ማን አለ?"

ለማንም ያልተነፈሱት ጭንቀት ገበያ ላይ ወጥቶ ቆያቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ቀጥሎ ደረታቸው ላይ የከረመው ነገር ቀለል አላቸው፤ እንባቸውም መጣ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

"ቱፋ" አሉ ኦቦ ባይሳ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "አምቦም ገጠር ናት።"

"እና?"

"እናማ ልጄ ከገጠር ወደ ገጠር ነው የምትሄደው። ውሰዷት።"

የምሥራቹን ራሳቸው ሊነግሯት ጉልበታቸውን ረስተው ወደ ቤት ገሰገሱ። ወርቅቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ይስቃል።

"አባዬ" አለች አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ፣ "ገበያ መሃል አለቀስክ አሉ?"