ድንኳኑ ኦሎምፒያ ነው

ጋሽ አምኃ ሲደውሉ እጸገነት ቢሮ ነበረች፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል። አለቃዋ ፊት አነሳችው። የእድር ሊቀመንበር ስልክ አይዘለልም።

«ኃይለገብርኤል ጠዋት አርፏል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቂርቆስ። ድንኳኑን አስወጪ።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ። ድንኳኑ… ኦሎምፒያ ነው እኮ፣ ጋሽ አምኃ።»

እሳቸውም ረስተውት ነበር። ሁሉም ረስቶት ነበር።

አገሪቱ የአፍሪካ ዋንጫን ልታስተናግድ ነው ከተባለ ጀምሮ ካዛንቺስ ውስጥ ልቡ ያልተነሳ ሰው አልነበረም። አንዱ ቤቱን ቀለም ቀባ፣ ሌላው ፈረንሳይኛ ጀመረ። ቴዎ የሚባል የሰፈር ልጅ ደግሞ ኦሎምፒያ ግቢ ተከራይቶ ትልቅ ስክሪን ተከለ፤ የእድሩንም ድንኳን ከነወንበሩ ለአንድ ወር አከራዩኝ አለ። ጋሽ አምኃ «የለቅሶ ድንኳን መጨፈሪያ አይሆንም» ብለው ነበር። ሽንጧን ገትራ የተከራከረቻቸው እጸገነት ናት፣ ንብረት ያዧ። «ዓለም በራችን ድረስ ሲመጣ እኛ ብቻ ዕቃችንን ቆልፈን እንቀመጥ? አገር ሲጠቀም እድር ለምን አይጠቀምም?» ስብሰባው አጨበጨበላት። ውሉንም ራሷ ጻፈችው። ወንበር ቢሰበር አለ፣ ዝናብ ቢያፈስ አለ፣ እሳት ቢነሳ አለ። ሰው ቢሞት የሚል የለም። እድር ሆነው ሞትን ረሱ!

ሳታስፈቅድ ወጣች። ታክሲ የለም፤ የቡድኖቹ አውቶቡስ ያልፋል ተብሎ መንገዱ ተዘግቷል። በባምቢስ በኩል በእግሯ ነካችው። ስልኳ አሁንም አሁንም ይጮሃል። ለቀስተኛው እየመጣ ነው፣ የሟቹ ሚስት አልጋነሽ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። አልጋነሽ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። የእጸገነት እናት የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ካጠገቧ አልተነሳችም። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ድንኳን ከሌለ፣ እጸገነት በምን ዓይኗ ታያታለች?

ግቢው ስትደርስ ሕዝቡ ቆሞ መዝሙር ይዘምራል። ኢትዮጵያ ልትጫወት ነው። እሷም ቆመች፣ ምን ታድርግ። እግሯ ግን አላርፍ አለ።

«እትዬ እጹ!» አለ ቴዎ ማይክ እንደያዘ፣ መዝሙሩ ሲያልቅ። «ግቢ፣ ቪአይፒ ላስቀምጥሽ!»

«ድንኳኑን ፍታ።»

«ምን?»

«ጋሽ ኃይለገብርኤል አርፈዋል። ቀብር ዘጠኝ ነው።»

«ነፍስ ይማር… ማለቴ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ጨዋታው ተጀመረ እኮ! ፀሐይ ካረፈበት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ደግሞ ውል አለን።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ታዲያ ሞት የሚል የት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ!»

«ምን እንግዲህ? አልተጻፈም ብለን ሰውዬውን እንቀስቅሰው?»

ቴዎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከካሜሩን የመጡ እንግዶች አሉ እዚህ። አገር ምን ይባላል?»

«አልጋነሽ ፀሐይ ላይ ናት። እሷስ አገር አይደለችም?»

መልስ አልጠበቀችም። ወደ ጥግ ሄዳ አንዱን ገመድ ፈታች። ሁለተኛውን። ድንኳኑ ባንድ ጎኑ ተንጋደደ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ወደቀች፣ ተጫዋቾቹ ጠፉ። ፉጨቱ ጆሮ ይበሳል። «ኧረ ሴትዮዋን ያዟት!» አለ አንዱ።

ማይኩን ከቴዎ እጅ ነጠቀች። «የካዛንቺስ ሰው ሞቷል። ይሄ የለቅሶው ድንኳን ነው፤ የተቀመጣችሁበትም ወንበር የለቅሶው ነው። በቃ። ቤቱ እድር የሌለው ሰው ካለ አይነሳ።»

ከዚያ ፊቱን ባንዲራ የተቀባ ቦርጫም ሰውዬ ተነሳ። ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ወዴት ነው?» አለ፣ በንዴት። ሌሎችም ተነሱ፣ እየተሳደቡ። ስምንት ሰው ሸራውን ጠቀለለ። ቴዎ ራሱን ይዞ ቆሞ ቆየና፣ የቀረውን ምሰሶ ተሸከመ።

አስፋልቱ ላይ ፖሊስ አስቆማቸው። «አይቻልም! እንግዶች ሊያልፉ ነው።»

«ለቅሶ ነው» አለች እጸገነት።

ፖሊሱ ማሊያ የለበሰውን፣ ቀለም የተቀባውን፣ ወንበር የተሸከመውን ሁሉ አየ። «ይሄ ነው ለቅሶ?»

«ይሄ ነው።»

ወደ መንገዱ ዞሮ አየ። «ሩጡ እንግዲያውስ!»

ሮጡ።

ሲደርሱ ሬሳው ወጥቷል። ቀባሪው ከቂርቆስ ሳይመለስ የመጨረሻው ካስማ ተመታ። አልጋነሽ እየተደገፈች ገባች፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጠች፣ ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም። እጸገነት አጠገቧ ተቀመጠች። ተነሳች። ወንበር አስተካከለች። ደግማ ተቀመጠች።

በማግስቱ ቴዎ ሊያስተዛዝን መጣ። አንገቱን ደፍቶ ቆየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እትዬ እጹ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ… ሐሙስ ሩብ ፍጻሜ ነው። እስከዚያ ለቅሶው ይነሳል። ድንኳኑን ትሰጪኛለሽ?»

«ሐሙስ ማን እንደሚሞት በምን አውቃለሁ?»

ሁለቱም ሳያስቡት ፊት ለፊት ወደተደረደሩት ሽማግሌዎች አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ጋሽ አምኃ።