የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሰላምታ

«እስቲ በሞቴ፣ እንደ አዲጉን ያለ ልጅ የወለደች ማን አለች?» አሉ አክስቱ ሲዲካት፣ ለለቀስተኛው ከባቄላ ሊጥ የተጠበሰ አካራ እያዞሩ። «ሌጎስ ተቀምጦ አንድም ጠዋት ሳያዛንፍ እናቱን በስልክ ጽፎ ‹እንደምን አደርሽ› የሚል! እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማነብላት እኔ ነበርኩ።»

አቤኦኩታ ውስጥ የአዲጉን እናት ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ገና ማለዳ። አንድ ሽማግሌ፣ «በስምንተኛው ቀን ጸሎት ላይ ይነገርለት፤ ወጣቱ ይማርበት» አሉ። አዲጉን አንገቱን ደፋ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እሱ መች ላከና! ቤት ሳለ፣ እንደ ማንኛውም የአገሩ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት እናቱ ፊት በደረቱ ተዘርግቶ ነበር ሰላም የሚላት። ሌጎስ ገብቶ የኮምፒውተር ሰው ሲሆን ግን መርሳት አበዛ። ከሦስት ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፈ፦ በየቀኑ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ይህን መልእክት ለእማዬ ላክ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ይልካል፣ እሱ ይተኛል። እናቱ በአክስቱ እጅ የምታጽፈውን መልስ እንኳ፣ ሥራ በዛብኝ እያለ፣ ሳያነበው ያልፍ ነበር።

ድንገት የሟቿ ስልክ ጮኸ። ሲዲካት ከጉያቸው አውጥተው አዩት። አጠገባቸው የተቀመጠች ጎረቤት ቀድማ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹እማዬ፣ እንደምን አደርሽ?› ይላል። ከአዲጉን!»

ሰው ሁሉ የአዲጉንን እጅ አየ። የያዘው የተገመጠ አካራ ብቻ ነው።

«ማሽኑ ነው» አለ አዲጉን። «ሁልጊዜም ማሽኑ ነበር።»

«ያ አላህ!» አሉ ሽማግሌው።

ሲዲካት ክንዱን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡት።

«እናትህ ታውቅ ነበር» አሉት። «አምና ለኢድ መጥተህ፣ አንተ እዚህ እያንኮራፋህ መልእክቱ ገባ። ‹ተይው፣ ደክሞት ነው› ብላ ሳቀች። ለሰው እንዳልናገርም አስማለችኝ። ሰው ፊት የማሞግስህ፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የገባውንም የደበቅሁት ለእሷ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሲያማት ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«ደረቷን የወጋት ለታ ‹ልጻፍለት?› አልኳት። ‹ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?› አለችኝ።»

አዲጉን ሐፍረቱ ከሐዘኑ ብሶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲወጣለት በስልኩ ከርቀት ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ገባና መስመሯን ሰረዛት።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ዝም አለ። ሲዲካት በራቸውን ቢከፍቱ፣ አዲጉን ደጃፉ ላይ በደረቱ ተዘርግቶ፣ ግንባሩን አፈር አስነክቶ አገኙት።

«አክስቴ፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደርኩ ልጄ። ተነሥ በቃ።»

አልተነሣም።