ከአውቶቡስ መስኮት ሥር የበቀለ ሰላጣ

ይህ ነገር ከአናቱ እስከ እግሩ እውነት ነው። አንዲት ቅንጣት ተጨምራበት እንደሆነ የተናገረው ምላስ ይድረቅ! ያዩ ዓይኖች አሉ፤ የበሉ አፎችም አሉ።

በዚያ ዓመት የወረደው በረዶ እንደ ዘንድሮው የልጅ መጫወቻ አልነበረም። ውሻ ሲሮጥ ጥላው መሬቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ባለቤቱ ተመልሶ በአካፋ ይፍቀው ነበር። እንግዲህ በዚህ ብርድ መካከል ነው ጋሽ ሹፌር አትክልት ካልዘራሁ ብሎ የተነሳው።

ጋሽ ሹፌር ሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ ጡረታ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ከወጣ ወዲህ ሥራው ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት መመላለስ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ መተንፈሻ ስታጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቦታ ቁም እንጂ! እዚህ ቤት የሚሳፈር የለም» እስከማለት ደርሳለች። ከቤት የምታወጣው አንዲት ነገር ብትኖር ከሕንፃው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ የተጠጋችው ቁራሽ መሬት ናት። እሷንም የሕንፃው ኃላፊ ሲሚንቶ አልብሶ መኪና ሊያቆምባት ቆርጧል።

«አባቴ፣ በረዶው ሳይለቅ የሚበላ ነገር አብቅለው ካሳዩኝ እተወዋለሁ» አለው ኃላፊው። «ካልሆነ ግን ሲሚንቶው ይፈሳል።»

«ሲሚንቶህን ገዢ ፈልግለት!» አለ ጋሽ ሹፌር። «አንተን ጨምሮ የሕንፃውን አርባ ቤት ሰላጣ አጠግባለሁ።»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዱ ፈርቷል። መሬቷ ከሄደች ቀሪ ዘመኑን ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ «ምን ልርዳሽ?» ሲል ሊጨርስ ነው።

ለዘር ቤሳ አላወጣም። ድንብላሉን ከቅመም ጠርሙስ ቆነጠረ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ጓዳ ተረስቶ ካቆጠቆጠው ፈለቀቀ፤ የሰላጣውን ዘር ደግሞ ጎረቤቲቱ ነርስ መስኮቷ ላይ ሳትቀጥፈው ቀርታ ካበበው ለቀመ። የእርጎ ኩባያዎችን ቂጣቸውን በጋለ ምስማር በስቶ ችግኝ ማፍያ አደረጋቸው። የእንቁላል ቅርፊትና የሻይ ዝቃጭ ከየደጁ ሲሰበስብ ጎረቤት ሁሉ ቆሻሻውን ደብቆ መጣል ጀመረ። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ደግሞ ሁለት ያረጁ የአውቶቡስ መስኮቶች ለምኖ፣ እያንዳንዳቸው የበሬ ያህል የሚመዝኑትን፣ በጀርባው አዝሎ ከተማዋን አቋርጦ አመጣ። ከወዳደቀ ጣውላ ሳጥን መታ፤ አፈር ሞላ፤ መስኮቶቹን ክዳን አደረጋቸው። አንደኛው ጥጉ ላይ ተሰብሮ ስለነበር ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው።

በቀለ! በረዶ መሃል፣ ከመስታወት ሥር፣ አረንጓዴ ነገር በቀለ።

ኃላፊው መጥቼ አያለሁ ያለበት ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጥርት አለ፤ ፀሐይ ወጣች። ታዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሽ ሹፌር ከኋላው ሲሰማ የኖረው አንድ ጩኸት ነው፦ «ሹፌር፣ ኧረ መስኮቱ ይዘጋ! ብርድ ሊፈጀን ነው!» በሐሩርም ይዘጋ፣ በዝናብም ይዘጋ። ከዚያ ወዲህ ክፍት መስኮት ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ስለዚህ ችግኞቹን ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ምሳውን ሊበላ ገባ።

ሲመለስ መስታወቱ ውስጡ በላብ ተጠምቋል። ፕላስተሩን ገሽልጦ ክዳኑን ሲያነሳው እንፋሎት ፊቱን መታው። ሰላጣው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፏል። ነርሷ ከሥራ ስትገባ አየችው።

«ጋሽ ሹፌር፣ ምነው፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ከፈቱ እንዴ?»

«ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ብርድስ አልመታቸውም። ቀቀሏቸው እንጂ።»

ባልዲ ገልብጦ ዘፍ አለበት። ነርሷ ደንግጣ የልብ ምቱን ልትቆጥር እጁን ያዘች። ያን ጊዜ ነው ዓይኑ ጥጉ ላይ ያረፈው። የወተፈው ጨርቅ ወድቋል፤ በቀዳዳው ነፋስ ይገባል፤ ቀዳዳው አጠገብ ያሉት ሰላጣዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ነጭ ሽንኩርቱም ጆሮውን ቀስሯል። አየር! ለካስ ፀሐይ ስትወጣ የሚፈልጉት አየር ኖሯል።

«መስኮት ክፈቱ!» ብሎ ተነስቶ ጮኸ። በሃያ ሰባት ዓመት ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ድምፁ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ሦስት ሰዎች እውነትም መስኮታቸውን ከፈቱ።

ከዚያማ ምን ይነገራል! ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ይከፍታል፤ ጥላ ሲያጠላ ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን አንዱ ቅጠል ብቻ ጃንጥላ አከለ። ኃላፊው ቢቀምሰው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሲሚንቶውን በገዛ እጁ መልሶ ጫነ፤ አርባው ቤትም እስከ በጋ ድረስ ሰላጣ በኩንታል…

«ስንት ኩንታል?» አለች አዲሷ ተከራይ። ጋሽ ሹፌር ይህን ሁሉ የሚያወራላት እዚያችው መሬት ዳር፣ አግዳሚው ላይ ነው፤ ፀደይ ገብቷል፤ ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ ሱሪ ትዘመዝማለች።

«ሰማንያ! ከፍ ቢል እንጂ ዝቅ አይልም።»

«ዘጠኝ ቅጠል ነው» አለች ሚስቱ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ በለሆሳስ። «እኔ ቆጥሬዋለሁ። ኃላፊውም አልቀመሰም፤ ቅጠል አይወድም። መስኮቶቹን እኔና ነርሷ ነን በልብስ ጋሪ ገፍተን ያመጣናቸው፤ እሱ ወገቤን ብሎ ከፊት ከፊት መንገድ ያስለቅቅ ነበር። ጨርቁንም የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሹፌር ከመሬቷ አረም ሊነቅል ጎንበስ አለ።

«ታዲያ መሬቱ እንዴት ተረፈላችሁ?» አለች ተከራይዋ።

«ኃላፊው ሲመጣ ይኼ ሰውዬ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ዘጠኙን ቅጠል አይዟችሁ እያለ ነበር። መምጣቱንም አላወቀ። ቆሞ አየው፣ አየውና፣ ‹እሳቸውን አስነስቼ መኪና ላቁም እንዴ፣ እናቴ?› ብሎኝ ሄደ።»